የድልድዩ ሽማግሌ

ብሬመን፣ እሁድ ጠዋት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሜዳ ስገባ፣
ከዛገ መፍቻና ከማላውቃቸው ሙሽሮች ፎቶ ሥር
ግራጫው ካሴት ተጋድሟል፣ አንድ ጥጉ ስብር።
«ሰባት ዩሮ» አለኝ ሻጩ። ከፈልኩ።
የእናቴ ልጅ፣ እኔ፣ ሳልከራከር ከፍዬ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ትብለጥ አሥራ አንድ።
ከመጣን ሦስት ወር። አባባ ሌሊት ወደብ ላይ
ኮንቴይነር ሲያራግፍ ያድራል፣ ቀን ይተኛል፤
እኛ በሹክሹክታ እንኖራለን።
ከላይ ፎቅ ያሉት ፍራው ሉድከ፣ ልጃቸው የተወውን ማጫወቻ
በካርቶን ይዘው መጥተው ረጅም ነገር ነገሩን።
«ያ» አልን።
ያኔ ከጀርመንኛው ሁሉ የነበረችን «ያ» ብቻ ናት፤
ለብዙ ነገር በቅታናለች።

ጨዋታው ግን ያወራል። ፋኖስ የያዘች ልጅ፣ ደሴት፣ ድልድይ፣
በድልድዩ ጫፍ አንድ ጺማም ሽማግሌ፤
ስንቀርበው ከእግሩ ሥር ሰማያዊ ሣጥን ይከፈታል፣
ፊደል በፊደል ይንጠባጠባል።
ትብለጥ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ
ሳትደናቀፍ፣ እንደ ዲያቆን፣ በአማርኛ ታነበዋለች፦
«እኔ የሰባት ወንዝ ዳኛ ነኝ። ልጄን ውኃ ወስዷታል።
የእግርሽ ድምፅ የእሷን እግር ይመስላል።
እለፊ። ከኋላሽ ብጠራሽ ግን እንዳትዞሪ፤
ከዞርሽ ልጄ ነሽ፣ እዚሁ ትቀሪ።»
አንዳንዴም ሽማግሌው
«ወንድምየው ተራውን ለእኅቱ ይልቀቅ» ይላል፤
የዳኛ ቃል ነውና እለቅ ነበር።

የወፍጮ ቤቷ ጥቁር ለባሽ ደግሞ ጠንቋይ ናት።
ይህን ያለችው ትብለጥ ናት። በፋኖሱ እየመታን አባረርናት።

አሁን ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። እጄን አንስቼ ምያለሁ፦
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ የተባለውን እላለሁ።
ማጫወቻ ከቶርበን ተዋስኩ፣ መጋረጃ ዘጋሁ።
ሽማግሌው እዚያው ቆሟል። አላረጀም። እኔ መነጽር ፈለግሁ።

ሰማያዊው ሣጥን ተከፈተ።
«ገመድ አለኝ። ሃያ ሳንቲም ነው። ድልድዩ ማክሰኞ ዝግ ነው።»
ደግሜ ተጫንኩት።
«ገመድ አለኝ። ሃያ ሳንቲም ነው።»
ሰባት ወንዝ የለ፣ ችሎት የለ፣ ውኃ የወሰዳት ልጅ የለች፤
ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ትንፋሼን የዋጥሁት ገመድ ሻጭ ፊት ነው።

ወርቁን በልጅነታችን ቀድመን ወስደን ኖሮ፣
ሰሙ ዛሬ ደረሰኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቶ።

ወደ ወፍጮው ወረድኩ። ጥቁር ለባሿ ወጣች።
አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ሊመታት ተነሣ፤ ያዝኩት።
የእሷን ቃል አንብበን አናውቅም፤
ሣጥኗ ሳይከፈት ነው የምናባርራት።
«አትምቺኝ» ትላለች።
«ልጄ ወንዙን ተከትላ ሄዳ አልተመለሰችም።
ፋኖስሽን ለአንድ ሌሊት አውሺኝ።»

አየሽ ትብለጥ፣ ልጇ የጠፋባት ሰው ደሴቱ ላይ ነበረች፤
የሳትሽው አፉን ብቻ ነው።

ደወልኩላት። ኦልደንበርግ ናት፣ አዋላጅ፣ ከሌሊት ሥራ መግባቷ።
«ማክሰኞ ዝግ ነው?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች።
የሴትየዋን ስነግራት ዝም አለች፤ የማንቆርቆሪያዋ ፉጨት ተሰማኝ።
«ስንቴ መታናት?»
«አልቆጠርኩም።»
«ስጣት» አለችኝ፣ እንደ ዳኛ።

ሰጠሁ። ስክሪኑ ጨለመ።
ከልጅቷ የቀረው የእግር ድምፅ ብቻ ነው፤
ድንጋይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ከዚያ እንጨት ሆነ፣ ድልድይ ነው።
ከኋላዬ ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ፤
ገመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሃያ ሳንቲም።
ለማንኛውም ብዬ ወደ ኋላ አልዞርኩም።